ካስልታውን፦ ሁለት ዓመት ባዶ የቆመው ቤት

በ1965 አየርላንድ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ተሸጠ። ስሙ ካስልታውን ነው። ከደብሊን ወደ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በኪልዴር ካውንቲ፣ ሰልብሪጅ የምትባል ከተማ ዳር፣ የሊፊ ወንዝ አጠገብ ቆሟል። የሸጡት ቤቱን ካሠራው ሰው ጀምሮ በውርስ ሲቀባበሉት የኖሩ ዘመዶች ናቸው። የገዛው ደግሞ አልሚ ነበር፤ ዓይኑም ያረፈው ቤቱ ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ነው። በ1966 የቤቱ ዕቃ በጨረታ ተሸጠ። ከዚያ በሩ ተቆለፈና ሁሉም ወደየጉዳዩ ሄደ።

ቀጥሎ የሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መስኮቶቹ ተሰበሩ። ጣራው ላይ የተነጠፈው የእርሳስ ብረት እየተገነጠለ ተሰረቀ። ረሃብ፣ አመፅ፣ የነፃነት ጦርነትና የእርስ በርስ ጦርነት አልፎት የሄደ ቤት፣ ሁለት ዓመት ሰው ስላጣ ብቻ ሊያልቅለት ደረሰ።

ይህን ጉዳይ በዝርዝር ልጽፈው የፈለግኩት ለዚህ ነው። አሮጌ ቤት ይጠፋል ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን እሳት ወይም ቡልዶዘር ነው። ሰው የማይኖርበት ቤት ቶሎ ያረጃል የሚለውን የእናቶቻችንን አባባል ግን ካስልታውን ላይ ሆነው ቢያዩት በቁጥር ጭምር ይገባዎታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቤቱን ማን አሠራው?

ዊልያም ኮኖሊ ይባላል። በ1662 በዶኒጎል ካውንቲ፣ ባሊሻነን ተወለደ። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው ይባላል፤ ብቻ ከመሳፍንት ወገን አልነበረም። የሕግ ባለሙያ ሆነ። ከዚያ በ1690ዎቹ ትልቁ አጋጣሚ መጣለት። በአየርላንድ በተደረገው ጦርነት የፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም አሸንፎ ነበርና የተሸናፊዎቹ፣ በአብዛኛው የካቶሊኮቹ፣ መሬት ተወረሰ። ኮኖሊ ይህን መሬት እየገዛ፣ እየሸጠ፣ እያከራየ የማዕረግ ስም ከሌላቸው አየርላንዳውያን ሁሉ ሀብታሙ ሰው ሆነ። ከ1715 እስከ ሞተበት 1729 ድረስ ደግሞ የአየርላንድ ፓርላማ አፈ ጉባኤ ነበር።

ይህን ነገር ልብ ይበሉት። የቤቱ ድንጋይ የተገዛው ከሌሎች በተወረሰ መሬት በተገኘ ገንዘብ ነው። በ1965 ቤቱ ሲሸጥ አገሩ ዝም ያለበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ይጀምራል።

ግንባታው በ1722 ተጀመረ። የፊት ለፊቱን ገጽታ የነደፈው አሌሳንድሮ ጋሊሌይ የተባለ የፍሎረንስ ሰው ነው። በ1718 አየርላንድ መጥቶ በዓመቱ ወደ ጣሊያን ተመለሰ፤ ስለዚህ የመሠረቱ ድንጋይ ሲጣል እንኳ አገር ውስጥ አልነበረም። በኋላ ሮም ውስጥ የላተራን ቅዱስ ዮሐንስ ባሲሊካን የፊት ገጽታ የሠራው እሱ ነው። ሥራውን የቀጠለው ኤድዋርድ ላቬት ፒርስ የሚባል ወጣት አርክቴክት ነው፤ በ1724 ከጣሊያን ሲመለስ ገና 25 ዓመት አካባቢ ነበር። የመግቢያውን አዳራሽና ግራና ቀኝ ያሉትን ባለ አምድ መተላለፊያዎች ያየ ሰው የዚህን ልጅ እጅ ያያል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደብሊን ያለውን የፓርላማ ሕንፃ ነደፈ፤ ዛሬ ባንክ ሆኖ ያገለግላል። ፒርስ በ1733 ገና በወጣትነቱ ሞተ። ምን ያህል ሊሠራ ይችል ነበር ብዬ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ቤቱ ምን ይመስላል? መካከለኛው ክፍል ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ፎቅ ነው። ፊት ለፊት ሲቆሙ በአንድ ረድፍ አሥራ ሦስት መስኮት ይቆጥራሉ። ጌጥ አልበዛበትም። ግንብ የለው፣ ጉልላት የለው፤ መስኮት፣ መስኮት፣ መስኮት ብቻ ነው፣ በእኩል ርቀት፣ እንደ ዜማ ምት። ከዚህ መካከለኛ ክፍል በግራና በቀኝ ጎበጥ ያሉ ባለ አምድ መተላለፊያዎች እንደ ሁለት ክንድ ተዘርግተው ሁለት ዝቅ ያሉ ሕንፃዎችን ይይዛሉ፤ አንዱ ወጥ ቤት፣ አንዱ የፈረስ ጋጣ ነበር። የወጥ ቤቱ ጭስና የጋጣው ሽታ ከሳሎኑ ይርቃል፣ ከሩቅ የሚያይ ሰው ግን ሁሉንም እንደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ያየዋል። የቬኒስ አካባቢው አርክቴክት ፓላዲዮ ለእርሻ ቤቶች የተጠቀመበት ዘዴ ነው። ካስልታውን በአየርላንድ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ትልቅ ቤት ሲሆን፣ ከእሱ በኋላ ሌሎች ባለሀብቶች ተከተሉት። ጎረቤት ካውንቲ ዊክሎ ያለውን ራስቦሮን ያየ ሰው ያንኑ የተዘረጋ ክንድ ያገኛል።

ፈላስፋው ጆርጅ በርክሌይ እንኳ በ1722 ለወዳጁ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለዚህ ቤት አውርቷል፤ አልፎ አልፎ ያማክሩት ነበር። ወዳጁም ቤቱ የአገሪቱን ድንጋይ፣ የአገሪቱን እንጨት፣ በአጠቃላይ አየርላንድ ያላትን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳይ እንዲሆን ተመኘ። ያን ጊዜም ሰዎች ይህን ቤት ከአንድ ሰው መኖሪያ አስበልጠው ያዩት ነበር ማለት ነው።

ሁለቱ ሴቶች

ኮኖሊ በ1729 ሲሞት የቤቱ ውስጥ ገና አላለቀም። ሚስቱ ካትሪን እስከ 1752 ኖረችበት። በ1739 ማብቂያ ላይ አየርላንድን ከባድ ውርጭ መታት፤ ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ በረደና ተበላሸ፣ በ1740 እና 1741 ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ካትሪን በ1740 ከቤቱ ጀርባ ራቅ ብሎ አንድ ሐውልት አሠራች። ቅስት በቅስት ላይ ተደራርቦ፣ አናቱ ላይ ሹል ሐውልት ቆሞ፣ ቁመቱ 42 ሜትር ገደማ ነው። ምንም አገልግሎት የለውም። ስሙም በእንግሊዝኛ «የኮኖሊ ሞኝነት» እንደማለት ነው፤ እነሱ ለዓይን ብቻ የሚሠራን ግንብ እንዲህ ይሉታል። ለእኔ ግን ከንብረቱ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ የተሠራው ለተራበው ሰው ሥራ ለመስጠት ነበርና። የቀን ሠራተኛው በቀን ግማሽ ፔኒ ያገኝ ነበር ይባላል። ትንሽ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን በሕይወት የመቆየትና ያለመቆየት ልዩነት ነበር።

በ1743 ደግሞ ሊክስሊፕ አጠገብ የእህል ጎተራ አሠራች፤ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ክብ ሕንፃ፣ በውጭው 94 ደረጃዎች የተጠመጠሙበት። የሚገርም ጎተራ ይሉታል፤ እውነትም ይገርማል።

ሁለተኛዋ ሴት ሉዊዛ ናት። የሪችመንድ ዱክ ልጅ። በ1758 የኮኖሊን የወንድም ልጅ ልጅ ቶም ኮኖሊን ስታገባ ዕድሜዋ 15 ነበር። በዓመቱ ካስልታውን ገባችና እስከ 1821 ድረስ፣ ማለትም ከ60 ዓመት በላይ፣ ቤቱን እንደ ልጇ ያዘችው። ወንድ ሴት ልጅ አልወለደችም። ዛሬ ጎብኚ አፉን ከፍቶ የሚያየው የውስጥ ሥራ አብዛኛው የእሷ ነው። ከግድግዳው ላይ ብቻ ተይዞ ያለ ምሰሶ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ የተሠራው በእሷ ጊዜ ነው፤ የነሐስ መደገፊያዎቹ ላይ የሠሪው ስምና 1760 የሚል ዓመት ተቀርጿል። የደረጃውን ግድግዳ በጄሶ ቅርጽ ያስጌጡት በአየርላንድ ዝናቸው የወጣ የስዊስ ጣሊያናውያን ላፍራንኪኒዎች ናቸው።

የህትመት ክፍል የሚሉትን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሉዊዛ ከለንደንና ከፓሪስ የታተሙ ሥዕሎችን እየሰበሰበች፣ በመቀስ እየቆረጠች፣ በወረቀት ክፈፍና በወረቀት ሪባን እያስዋበች ግድግዳው ላይ ለጠፈቻቸው። በዚያ ዘመን የእመቤቶች ወግ ነበር። በአየርላንድ ሳይነካ የቀረው ግን ይህ ብቻ ነው። እንግዲህ ያስቡት፤ ወረቀት ነው። በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት። ጣራው ቢያፈስ በአንድ ክረምት ያልቅለታል።

ፎቁ ላይ ደግሞ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጋለሪ አለ። በ1770ዎቹ ግድግዳው በጥንታዊቷ ፖምፔ ሥዕሎች ዓይነት ተቀባ። ሦስት የመስታወት መብራቶች ከቬኒስ ታዘው መጡ፤ ሉዊዛ ግን ሰማያዊው ከግድግዳው ሰማያዊ ጋር አይሄድም ብላ አዘነች። መብራቶቹ እስከ ዛሬ እዚያው ተንጠልጥለዋል። ቤተሰቡ ሙሉ ቀኑን የሚያሳልፈው እዚሁ ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሌላው ካርታ ይጫወታል።

ስለ እሷ አንድ ነገር ልጨምር። በ1798 አየርላንዳውያን በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ሲያምፁ ከመሪዎቹ አንዱ የእህቷ ልጅ ኤድዋርድ ፊትዝጄራልድ ነበር። ቆስሎ ተይዞ እስር ቤት ሊሞት ሰዓታት ሲቀሩት ለምና ገብታ ያየችው ሉዊዛ ናት። ስለዚህ ይህ ቤት «የእነሱ» ነው ወይስ «የእኛ» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም። በመጨረሻ ዘመኗም በሳሩ ላይ ድንኳን አስተክላ፣ ቤቱን እያየች ሞተች ይባላል።

ታዲያ በ1965 ለምን ማንም አልደረሰለትም?

ብዙ ሰው ቤቱን ስላልወደደው ነው። አየርላንዳውያን ለመሬታቸው ብዙ ተዋግተዋል፤ ትልልቆቹ ቤቶች ደግሞ የባለ መሬቶቹ ነበሩ። ከ1919 እስከ 1923 ባለው የጦርነት ጊዜ ከ270 በላይ እንደዚህ ያሉ ቤቶች ተቃጠሉ። ከነፃነት በኋላም የተረፉት ቀስ በቀስ ሞቱ። መንግሥት ሰፋፊ መሬቶችን ለገበሬዎች አከፋፈለ፤ ይህን የሚቃወም አንጀት የለኝም። ግን መሬቱ የሄደበት ቤት ገቢ የለውም። በዚያ ላይ ግብር አለ። እኛ የጣራና ግድግዳ ግብር እንደምንለው ሁሉ እነሱም ጣራ ባለው ሕንፃ ላይ ግብር ይከፍሉ ነበርና፣ ብዙ ባለቤቶች መክፈል ሲያቅታቸው ጣራውን አነሱት። ጣራ የሌለው ቤት ግብር የለበትም። የቀረውን ዝናቡ ጨረሰው።

ጣራ ላይ ያለ እርሳስ ለምን እንደሚሰረቅ ግልጽ ነው፤ ቀልጦ ይሸጣል። ሌባው የሚያገኘው ጥቂት ፓውንድ ነው። ቤቱ የሚያጣው ግን ሌላ ነው። ውሃው መጀመሪያ ወደ ጣራው እንጨት ይገባል። እንጨቱ ይበሰብሳል። ከዚያ ጄሶው ከተያዘበት ቀጫጭን እርብራብ ይላቀቃል፤ ላፍራንኪኒዎች በጣታቸው የቀረጹት አበባ ተደርምሶ ወለል ላይ ዱቄት ይሆናል። ሰው ቢኖርበት ኖሮ የመጀመሪያዋን ጠብታ አይቶ ባልዲ ያስቀምጥ፣ በማግስቱ ጣራ ጠጋኝ ይጠራ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ያችን ጠብታ የሚያይ የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

1967

እዚህ ላይ ዴዝሞንድ ጊነስ ይመጣል። ስሙን ከቢራው ያውቁታል፤ አዎ፣ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። ከባለቤቱ ከማሪጋ ጋር በአቅራቢያው ሊክስሊፕ ይኖሩ ነበር። በ1957 ደብሊን መሃል ኪልዴር ፕሌስ ላይ ሁለት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶች ሲፈርሱ ሁለቱም ተናደዱ፤ በ1958 የአይሪሽ ጆርጂያን ማኅበርን መሠረቱ። ጆርጂያን የሚባለው ከ1714 እስከ 1830 የነገሡት ጆርጅ የሚባሉ ነገሥታት ዘመን ነው። ማኅበሩ መጀመሪያ አካባቢ ካደሳቸው ሥራዎች አንዱ ያው የካትሪን ሐውልት ነበር፤ በኋላም አርማቸው አደረጉት።

ሁለቱ የካስልታውንን መስኮት ሲሰበር እያዩ ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። ከመንግሥት የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። በ1967 ዴዝሞንድ ቤቱንና ከቤቱ ጋር 120 ኤከር መሬት፣ በእኛ 49 ሄክታር ገደማ፣ በ93,000 ፓውንድ በራሱ ገንዘብ ገዛ። የገዛው ሊኖርበት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ነው ከግዢው እኩል የማደንቀው። ተጠግኖ እስኪያልቅ፣ በጀት እስኪገኝ፣ ጥናት እስኪጠና አልጠበቀም። በዚያው ዓመት ለሕዝብ ከፈተው። ክፍሎቹ ገና ባዶ ናቸው፤ ዕቃው ተሽጦ ሄዷል። በጎ ፈቃደኞች መጡ፣ ጠረጉ፣ ቀለም ቀቡ፣ መስኮት ገጠሙ። በደብሊን ዙሪያ ባለው የሌይንስተር ክፍለ ሀገር ለጎብኚ የተከፈተ የመጀመሪያው ትልቅ ቤት ሆነ። ቤቱ እንደገና ድምፅ ተሰማበት። ጠብታዋን የሚያይ ሰው ተገኘ።

ሁሉም አላጨበጨበም። በ1970፣ ደብሊን ሂዩም ስትሪት ላይ ሌሎች አሮጌ ቤቶችን ለማዳን ወጣቶች ሕንፃው ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ፣ አንድ ሚኒስትር ፓርላማ ላይ ተነስቶ ተቆርቋሪዎቹን የመሳፍንት፣ የእመቤቶቻቸውና የግራ ክንፍ ምሁራን ጥምረት ብሎ ዘለፋቸው። ንግግሩ ያበሳጫል፤ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አያቱ ከመሬቱ የተፈናቀለ ሰው የባለ መሬቱን ሳሎን አድኑልኝ ሲባል ቢቆጣ አይፈረድበትም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ድንጋዩን ከተራራ የፈለጠው፣ ያጓጓዘው፣ ጄሶውን ያቦካው፣ ሐውልቱን በግማሽ ፔኒ የተሸከመው የዚያው ተፈናቃይ ወገን ነው። ቤቱ ሲፈርስ የሚጠፋው የእሱም የእጅ ሥራ ነው።

በግል ኪስ ግን እስከ መቼ? አሥራ ሦስት መስኮት በረድፍ፣ ሦስት ፎቅ፣ ሁለት ክንፍ። አንድ ጣራ ብቻ ሀብታምን ያደኸያል። በ1979 ካስልታውን ፋውንዴሽን የሚባል የበጎ አድራጎት ተቋም ተመሥርቶ ቤቱን ተረከበ። በ1994 ደግሞ ቤቱ ወደ መንግሥት ተላለፈ፤ የሕዝብ ሥራዎች ጽሕፈት ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ያስተዳድረዋል፣ ሰፊ እድሳትም ተደርጎለታል። ልብ ይበሉ፤ ከ1967 እስከ 1994 ድረስ 27 ዓመት ነው። 27 ዓመት ሙሉ ቤቱን ጣራ ሥር ያቆየው የሰዎች ፍቅርና የልመና ገንዘብ ነበር።

ያልዳነው መሬት

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ግን በ1965 የተሸጠው ቤቱ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው የነበረው ሰፊ መሬት ተበታተነ፤ ዴዝሞንድ የደረሰበት 120 ኤከሩ ላይ ብቻ ነው። እሱን አልወቅስም፣ ከዚያ በላይ አቅሙ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥት ግን አቅም ነበረው፤ ጊዜም ነበረው።

ዋጋው የታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጎብኚዎች ከኤም 4 አውራ ጎዳና በቀጥታ የሚገቡበት መንገድና መኪና የሚያቆሙበት ቦታ በግል ይዞታ ላይ ነበር። መሬቱ ለሌላ ገዢ ተሸጠ። በሴፕቴምበር 2023 መንገዱ ተዘጋ። አማራጭ ተብሎ መኪናው በሰልብሪጅ በኩል ይግባ ሲባል የከተማዋ ነዋሪዎች አይሆንም አሉ፤ ለእግረኛና ለልጆች የቀረውን ጸጥ ያለ መናፈሻ መኪና ሊያጥለቀልቀው ነው ብለው ለወራት በሮቹ ላይ ተፈራርቀው ቆሙ። በዝናብ፣ በሌሊት።

የነዋሪዎቹ አቋም ሁሉ ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። ግን እስቲ ከ1965 ጋር ያስተያዩት። ያኔ ቤቱ ሲዘረፍ በሩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። አሁን የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ተነስቶ ከተማው በሙሉ ወጣ። የመሳፍንት ቤት ሲባል የኖረው የሰልብሪጅ ሰዎች ቤት ሆኗል፤ እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱበት፣ ውሻቸውን የሚያናፍሱበት፣ የሚቆጡለት። ይህን ያመጣው በ1967 የተከፈተው በር ነው።

መሬትን ካነሳን አይቀር፣ ካትሪን ያን ሐውልት ያቆመችው በራሷ መሬት ላይ አልነበረም፤ የጎረቤት የካርተን ርስት ላይ ነበር። ከቤቷ ጀርባ ሲታይ የሚያምርበት ቦታ እሱ ስለነበር ድንበር አላገዳትም። ማሪጋ ጊነስ በ1989 ስታርፍ የተቀበረችው እዚያ ሐውልት ሥር ነው። ዛሬ በቤቱና በሐውልቱ መካከል ኤም 4 ያልፋል። ከረጅሙ ጋለሪ መስኮት ሆኖ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ግን ሐውልቱን እስከ አሁን ያገኘዋል።